ሃይራም ፐርሲ ማክሲምና የራዲዮ አማተሮች መዝገብ

በዛሬው ጊዜ አንድ የራዲዮ አማተር ከመሣሪያው ፊት ሲቀመጥ ኮምፒዩተር ከአጠገቡ አይለይም። ከሩቅ የመጣ ጥሪ ሰምቶ መልስ በሰጠ ቁጥር የመዝገብ ፕሮግራሙ የአነጋጋሪውን የጥሪ ምልክት፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የሞገዱን ፍሪኩዌንሲ፣ የምልክቱን ጥራት የሚገልጸውን ቁጥርና የጣቢያውን ሥፍራ በአንድ ረድፍ ይይዛል። ወዲያውም በዓለም ካርታ ላይ አንዲት ነጥብ ትጨመራለች። ፕሮግራሙ ርቀቱን በኪሎ ሜትር፣ አንቴናው ሊዞርበት የሚገባውን አቅጣጫ በዲግሪ አስልቶ ያሳያል፤ ቀንና ሌሊት የሚለያዩበትን መስመር ከካርታው ላይ ያሰምራል፤ ያው ጣቢያ ከዚህ ቀደም በዚያው የሞገድ ክልል ተመዝግቦ እንደ ሆነም ለባለቤቱ ያስታውሳል።

ይህን ሁሉ የሚሠራው ፕሮግራም ዕድሜው ጥቂት አሥርት ዓመታት ነው። በውስጡ ያለው አሳብ ግን ከኮምፒዩተርም ከትራንዚስተርም ይቀድማል። ማን በየት አለ፣ ድምፁ እስከ ምን ድረስ ይሰማል፣ በስንት ሰዓት ይገኛል የሚሉትን ጥያቄዎች በወረቀት ላይ አስፍሮ ለአንድ አገር አማተሮች ሁሉ ያዳረሰው ሃይራም ፐርሲ ማክሲም የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። ከሙያው ውጪ ባሉ ሰዎች ዘንድ ስሙ የሚነሣው ከጠመንጃ ድምፅ ማፈኛ ጋር ነው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ግን ማክሲም ካበረከታቸው ሥራዎች ሁሉ የሚበልጠው አንድም ብሎን የሌለበት የስም ዝርዝር ነው። ሕይወቱን ከዚህ ዝርዝር አንጻር መመልከት ለሙያ ባልደረቦቻችን የሚጠቅም ስለ መሰለን እነሆ ጽፈናል። ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማክሲም የተወለደው ሴፕቴምበር 2 ቀን 1869 በዚያን ጊዜ በኒውዮርክ አጠገብ በነበረችው በብሩክሊን ነው። አባቱ ሃይራም ስቲቨንስ ማክሲም በስሙ የሚጠራውን መትረየስ የፈለሰፈው ሰው ነው። አጎቱ ሃድሰን ማክሲምም በፈንጂ ሥራ የታወቀ ነበር። የአባትየው መትረየስ በ1880ዎቹ ለንደን ውስጥ ተሠርቶ በአፍሪካና በእስያ ምድር ምን እንዳደረገ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። ለልጁ ግን ያ መሣሪያ ሌላ ትርጉም ነበረው። አባቱ ልጁ ገና የ12 ዓመት ገደማ ሳለ ለሥራ ወደ አውሮፓ ተሻገረ፤ ኑሮውንም እዚያው አደረገ፤ የእንግሊዝ ዜግነትና የሰር ማዕረግም አገኘ። ሚስትና ልጆች አሜሪካ ቀሩ። ልጁ ከዚያ በኋላ ከአባቱ ጋር እምብዛም አልተገናኘም። በሕይወቱ ማብቂያ ላይ ስለ አባቱ አንድ መጽሐፍ ጽፏል። መጽሐፉ በአብዛኛው የሚያስቅ ነው፤ ቀልደኛና ኃይለኛ የሆነ አባት ትንሽ ልጅን እንዴት እንደሚያስደንቅና እንደሚያስደነግጥ ይተርካል። ትረካው ግን የልጅነቱ ዘመን ላይ ያተኩራል፤ ይኸውም አባትየው በቤት የነበረበት ዘመን ስለ ሆነ ነው።

ወጣቱ ማክሲም በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሜካኒካል ምሕንድስና ተምሮ በ1886 ተመረቀ። ዕድሜው 17 እንኳ አልሞላም ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያው ግዛት ሊን በምትባል ከተማ በአንድ የጦር መሣሪያ ጥይት ፋብሪካ ተቀጥሮ ሲሠራ ማታ ማታ የራሱን ነገር መሞከር ጀመረ። ይኸውም በቤንዚን ሞተር የሚሄድ ባለ ሦስት ጎማ ተሽከርካሪ ነው። የቤንዚን ጠባይ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ በጥቂት በጥቂቱ እያቀጣጠለ ይመለከት እንደ ነበር ኋላ ራሱ ተርኳል። ተሽከርካሪው በመጨረሻ ተንቀሳቀሰ፤ ሥራውም በሃርትፎርድ ከተማ ብስክሌት ይሠራ የነበረው የፖፕ ኩባንያ መሐንዲሱ እንዲያደርገው በር ከፈተለት። በ1895 ወደ ሃርትፎርድ ሄደ፤ ኑሮው እስከ መጨረሻው በዚያች ከተማ ሆነ።

ከዚህ የወጣትነት ታሪክ ውስጥ ለጉዳያችን የሚጠቅመው አንድ ነገር አለ። ማክሲም ያንን ሞተር ሲሠራ በጀርመን ቤንዝና ዳይምለር ቀደም ብለው መኪና መሥራታቸውን አያውቅም ነበር። በአገሩም በሌሎች ከተሞች እንደ እርሱ ማታ ማታ በየጋራዡ የሚደክሙ ሰዎች መኖራቸውን አያውቅም። ሌሎቹም እርሱን አያውቁትም። አንዱ ያለፈውን ስሕተት ሌላው እንደ አዲስ ይሳሳታል፤ አንዱ የፈታውን ችግር ሌላው ለወራት ሲታገለው ይከርማል። ሰውየው ይህን ብቸኝነት አልረሳውም። በእርጅናው ዘመን ስለ መኪና ሥራው በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ደጋግሞ የሚነሣ ነገር ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ በራዲዮ መስክ ያው ሁኔታ ሲገጥመው ወዲያው ያወቀው ቀድሞ ስለ ቀመሰው ይመስለናል።

በመካከሉ ያለውን ዘመን በአጭሩ እንለፈው። በ1898 የሜሪላንድ ግዛት ገዥ የነበሩትን የዊልያም ሃሚልተንን ልጅ ጆዜፊንን አገባ። በ1909 የጠመንጃ ድምፅ ማፈኛውን ለገበያ አቀረበ። ከአፈሙዝ የሚወጣውን የታመቀ ጋዝ በትንንሽ ክፍሎች ውስጥ እያሽከረከረ ፍጥነቱን በማብረድ የሚሠራ መሣሪያ ነው። አሠራሩ በኋላ ለሞተር ጭስ ማውጫና ለፋብሪካ ማሽኖች ዋለ፤ ኩባንያውን ለረጅም ጊዜ ያቆመውም ይኸኛው ወገን ነው። አባትየው በዓለም ላይ ከተሰሙት ድምፆች ሁሉ እጅግ የሚያስፈራውን ሲሠራ ልጅየው ድምፅ በማፈን መክበሩ ብዙ ጸሐፊዎችን አስገርሟል። እኛ በዚህ ላይ ብዙ አንቆይም፤ ከዚያ የተገኘው ገንዘብ ኋላ የራዲዮ አማተሮችን ሥራ ለማስጀመር መርዳቱን ማስታወስ ይበቃል።

ማክሲም ወደ ራዲዮ የገባው አርባ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ ከትንሹ ልጁ ጋር ነው። በዚያን ጊዜ አማተር ማለት በቤቱ ሰገነት ላይ የእሳት ብልጭታ የሚያመነጭ ማሰራጫ ያቆመ ወጣት ማለት ነበር። በ1912 ታይታኒክ ከሰጠመች በኋላ የወጣው የአሜሪካ የራዲዮ ሕግ እነዚህን ሰዎች ከ200 ሜትር በታች ባለው የሞገድ ርዝመትና በአንድ ኪሎ ዋት ኃይል ወሰናቸው። ረጅሙ ሞገድ ለባሕር ኃይልና ለንግድ ኩባንያዎች ተሰጠ። ከ200 ሜትር በታች ያለው ክልል ለርቀት ግንኙነት የማይረባ መሆኑን ሊቃውንቱ ሁሉ ያምኑ ስለ ነበር፣ አማተሮቹ በሕጉ በገሃድ ባይታገዱም በዚያ ውስጥ ቀስ በቀስ ይጠፋሉ ተብሎ ነበር የታሰበው።

በ1914 መጀመሪያ ላይ በሃርትፎርድ የራዲዮ ክበብ ተቋቋመ። ማክሲም አባል ሆነ፤ ጸሐፊው ገና ወጣት የነበረው ክላረንስ ተስካ ነበር። በዚያው ሰሞን የሆነ አንድ ትንሽ ጉዳይ ከዚህ በኋላ ያለውን ታሪክ ሁሉ ወለደ። ማክሲም በስፕሪንግፊልድ ከሚኖር አንድ አማተር አንድ የቫኪዩም ቱቦ ለመግዛት ፈለገ። ቱቦው በዚያን ጊዜ ብርቅ ነበር። ከሃርትፎርድ እስከ ስፕሪንግፊልድ ያለው ርቀት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የማክሲም አንድ ኪሎ ዋት ማሰራጫ ግን ይህን ርቀት ሊያልፍ አልቻለም። በሁለቱ ከተሞች መካከል በዊንዘር ሎክስ የሚኖር ሌላ አማተር መኖሩን አስታወሰ። መልእክቱን ለእርሱ ሰጠው፤ እርሱም አሳለፈው፤ መልሱም በዚያው መንገድ ተመለሰ።

ብዙ ሰው በዚህ ተደስቶ ቱቦውን ገዝቶ ነገሩን ይረሳው ነበር። ማክሲም ግን ወረቀት አወጣ። በሁለት ከተሞች መካከል አንድ ሰው በማወቁ ብቻ 40 ኪሎ ሜትር ከተሻገረ፣ በመላው አገሪቱ በየመካከሉ ያሉትን ሰዎች ቢያውቅ የት ሊደርስ እንደሚችል አሰላ። የጎደለው ኃይል አይደለም፤ ሕጉ ኃይልን ወስኖታል። የጎደለው ሞገድም አይደለም፤ እርሱም ተወስኗል። የጎደለው በየቦታው ማን እንዳለ የማወቅ ነገር ነው። መሐንዲስ ለሆነ አንባቢ የዚህ አስተሳሰብ ውበት ግልጽ ይመስለናል፤ የማይለወጡትን መጠኖች ለይቶ ትቶ፣ ሊለወጥ የሚችለውን አንዱን መጠን መያዝ ነው።

ኤፕሪል 6 ቀን 1914 ማክሲም አሳቡን ለክበቡ አቀረበ፤ ክበቡም ተቀበለው። የአሜሪካ የራዲዮ ቅብብል ሊግ የተባለው ድርጅት በዚህ ተወለደ። ማክሲምና ተስካ ስማቸውን ለሰሙት አማተር ሁሉ ቅጽ ላኩ። ቅጹ ክብርና ማዕረግ አይጠይቅም፤ ሥፍራን፣ የመሣሪያን ዓይነት፣ ኃይልንና ሥራን ይጠይቃል። በሴፕቴምበር 237 ጣቢያዎች የቅብብል ጣቢያ ሆነው ተመድበው ነበር። መስመሮቹም በምሥራቅ ከሜይን እስከ ሚኒያፖሊስ፣ በምዕራብ ከሲያትል እስከ አይዳሆ ተዘርግተው ነበር። በዚያው ዓመት መገባደጃ የጣቢያዎች ዝርዝር ታትሞ ወጣ፤ ወደ 400 የሚጠጉ ጣቢያዎችን ከነአድራሻቸው፣ ከጥሪ ምልክታቸው፣ ከኃይላቸው፣ ከሚደርሱበት ርቀት፣ ሞርስ ከሚቀበሉበት ፍጥነትና ከሚገኙበት ሰዓት ጋር የያዘ ነበር።

እነዚህን ዓምዶች ከዛሬው ፕሮግራም ዓምዶች ጋር ያስተያየ ሰው ዝምድናውን ለማየት አይቸገርም። ነገር ግን ዝርዝሩ በተጠናቀረበት ዘመን ዋናው ጥቅሙ ሌላ ነበር። በአንድ ትንሽ ከተማ ብቻውን በጆሮ ማዳመጫ የሚያነፍስ ወጣት፣ በሚቀጥለው ከተማ እንደ እርሱ ያለ ሰው መኖሩንና ከምሽቱ በስንት ሰዓት ሊጠራው እንደሚችል ከመጽሐፉ ያነብባል። ማክሲም በሊን ከተማ ያጣው ይህን ነበር።

ስለ ተስካ አንድ ነገር ሳንል ብናልፍ አግባብ አይሆንም። ታሪኩን የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ስሙን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይሸኙታል። ደብዳቤውን የጻፈው፣ ፖስታውን ያሸገው፣ ከየአገሩ የመጣውን ቅጽ ያደራጀው በአብዛኛው እርሱ ነው። በ1915 መጀመሪያ ሊጉ ከሃርትፎርዱ ክበብ ተለይቶ በራሱ ሲቋቋም፣ በዲሴምበርም ኪዩ ኤስ ቲ የተባለው መጽሔት ሲጀመር ወጪው ከሁለቱ ሰዎች ኪስ ነበር። አንዱ ባለ ፋብሪካ ነው፤ ሌላው ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው ወጣት ነው። መጽሔቱ ዛሬም በዚያው ስም ይታተማል።

በ1916 ማክሲም ዝርዝሩን ወደ መስመር ካርታ ለወጠው። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚያልፉ ስድስት ዋና ዋና የቅብብል መስመሮችን ነደፈ፤ እነርሱም በ31 ግዛቶች ከ150 በላይ ከተሞችን የሚያገናኙ ነበሩ። እያንዳንዱ መስመር ኃላፊ ተሾመለት። ነገሩ በወረቀት ላይ ያማረ ብቻ አለመሆኑ በሚቀጥለው ዓመት ታየ። በጃንዋሪ 1917 ከሎስ አንጀለስ የተነሣ መልእክት በዴንቨር፣ በጄፈርሰን ሲቲና በኒውዮርክ በኩል አልፎ ማክሲም ቤት ሃርትፎርድ ደረሰ። በፌብሩዋሪ 6 ደግሞ ከኒውዮርክ ወደ ሎስ አንጀለስ የተላከ መልእክት መልሱን ይዞ የተመለሰው በአንድ ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። አማተሮች የማይረባ የተባለውን ሞገድ ይዘው፣ በቅብብል አህጉር አቋረጡ።

ከሁለት ወር በኋላ አሜሪካ ወደ ዓለም ጦርነት ገባች፤ አማተሮችም ሁሉ መሣሪያቸውን እንዲዘጉና አንቴናቸውን እንዲያወርዱ ታዘዙ። ሊጉ ባለበት ቆመ። በሺህ የሚቆጠሩ አባላቱ በጦር ሠራዊቱና በባሕር ኃይሉ የራዲዮ ኦፕሬተርና አስተማሪ ሆኑ፤ ተስካም ሄደ። የመጽሔቱ ኅትመት ተቋረጠ።

እውነተኛው አደጋ የመጣው ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ነው። በ1918 መጨረሻ ላይ ራዲዮን በጠቅላላ በባሕር ኃይሉ ሥር የሚያደርግ ረቂቅ ሕግ ለምክር ቤት ቀረበ። ረቂቁ ቢጸድቅ ኖሮ አንድ ግለሰብ በቤቱ ማሰራጫ ይዞ የመናገር መብቱ እዚያው ላይ ያበቃ ነበር። ሊጉ ገንዘብ የለውም፤ መጽሔት የለውም፤ አባላቱ ገና ከየግንባሩ አልተመለሱም። የቀረው የአባላቱ ዝርዝር ነው። ወደየቤታቸው ጥሪ ተላከ፤ ልጆቹ በሌሉበት ወላጆች ለእንደራሴዎቻቸው ጻፉ። ማክሲም ዋሽንግተን ሄዶ በኮሚቴው ፊት ቆሞ ተከራከረ። ለክርክሩ የረዳው በጦርነቱ ጊዜ መንግሥት የሠለጠነ የራዲዮ ሰው ሲፈልግ ያገኘው ከእነዚሁ ሰገነቶች መሆኑ ነው። ረቂቁ ሳይጸድቅ ቀረ።

ይሁን እንጂ እገዳው ወዲያው አልተነሣም። ሰላም ከተፈረመ በኋላ ወራት አለፉ፤ ማዳመጥ በ1919 ጸደይ ሲፈቀድ ማሰራጨት ግን እስከ ዓመቱ የመጨረሻ ወራት ቆየ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ማክሲምና ባልደረቦቹ ለአባላቱ ቦንድ ሸጠው፣ መጽሔቱን ከተስካ ገዝተው የሊጉ ንብረት አደረጉት። ቦንዱን የገዙት አማተሮች ማሰራጫቸውን መቼ እንደሚከፍቱ እንኳ ሳያውቁ ነው የገዙት። ስለ ማክሲም የተጻፈውን ስናነብ ከሁሉ ይልቅ ያስገረመን ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የድል ዘመን ነው። በአህጉር ላይ የነበረው ጥያቄ ወደ ውቅያኖስ ተሻገረ፤ አትላንቲክን በ200 ሜትር ሞገድ ማለፍ ይቻላል ወይ የሚል ነበር። በ1921 ሊጉ ፖል ጎድሊ የተባለ የታወቀ የመቀበያ ባለሙያ ወደ ስኮትላንድ ላከ። ጎድሊ በአርድሮሳን የባሕር ዳርቻ በድንኳን ውስጥ ተቀመጠ፤ 400 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የሽቦ አንቴና ዘረጋ። ብርዱና ዝናቡ የሚያስመርር ነበር። ሊጉ ሰው ብቻ ሳይሆን ጥንቁቅ አሠራርንም ነበር የላከው። ማንኛውም የተሰማ ምልክት ከነደቂቃው ይጻፋል፤ ከጎድሊም ጋር አብሮ የሚያዳምጥ ገለልተኛ ምስክር ተቀምጧል። በዲሴምበር 12 ሌሊት ከግሪንዊች ኮኔቲከት የተላከ መልእክት ሙሉ በሙሉ ተነበበ። ያንን ጣቢያ ካቆሙት ሰዎች አንዱ ኋላ የኤፍ ኤም ራዲዮን የፈለሰፈው ኤድዊን አርምስትሮንግ ነው።

እዚህ ላይ ስለ መዝገብ ጥቂት እንበል። ጎድሊ ሰማሁ ብሎ ቢመለስ ኖሮ ጉዳዩ ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር። ሊታመን የቻለው በአንዱ ዳርቻ የተላከው በየደቂቃው ስለ ተጻፈ፣ በሌላው ዳርቻ የተሰማውም በየደቂቃው ስለ ተጻፈ፣ ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ ተመሳከሩ ነው። የዛሬዎቹ የመዝገብ ፕሮግራሞች አንድን ግንኙነት የሚያጸድቁት በዚሁ መንገድ ነው። ሊጉ በ2003 የከፈተው የዓለም መዝገብ የተባለው አገልግሎት የሁለቱን ወገኖች መዝገብ በዲጂታል ፊርማ ተቀብሎ ያነጻጽራል። የጥሪ ምልክቱ፣ የሞገድ ክልሉና የአነጋገሩ ዓይነት ከተስማማ፣ በሰዓቱም መካከል ያለው ልዩነት ከ30 ደቂቃ ካልበለጠ ግንኙነቱ ጸደቀ ይባላል። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ያሰፈረው ግንኙነት ጓደኛውን እስኪያገኝ ሳይጸድቅ ይቆያል።

በኖቬምበር 1923 የሁለት ወገን ንግግር ተሳካ። ፍሬድ ሽኔል ከሃርትፎርድ አጠገብ፣ ሊዮን ደሎይ ከፈረንሳይ ኒስ ከተማ በ100 ሜትር አካባቢ ተነጋገሩ፤ ጆን ራይናርትዝም ተከትሎ ገባ። ከ200 ሜትር በታች ያለው ሞገድ የማይረባ መሆኑ ቀርቶ፣ ባጠረ ቁጥር ሩቅ የሚያደርስ መሆኑ ታወቀ። በሚቀጥለው ዓመት አፕልተን በእንግሊዝ ባደረገው ሙከራ በላይኛው አየር ውስጥ ሞገድን የሚያንጸባርቅ ንብርብር መኖሩን አረጋገጠ፤ ለዚህም ሥራ በ1947 የኖቤል ሽልማት አገኘ። የንግድ ኩባንያዎችና መንግሥታት ወደ አጭር ሞገድ ጎረፉ። ለጥቂት ዓመታት አማተሮች ያገኙትን ምድር ሌሎች እንዳይወስዱባቸው ያስፈራ ነበር። ማክሲም በ1925 ፓሪስ ላይ የዓለም አቀፉ የራዲዮ አማተሮች ኅብረት ሲመሠረት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኖ የተመረጠው በዚህ ሥጋት መካከል ነው። በ1927 የዋሽንግተኑ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ለአማተሮች የተለዩ የሞገድ ክልሎችን በስምምነት አጸደቀ። ክልሎቹ ከቀድሞው ጠበብ ያሉ ነበሩ፤ ግን በዓለም ሕግ የታወቁ ሆኑ።

ማክሲም ደረቅ ሰው እንዳልነበረ መናገር ይገባል። በመጽሔቱ ላይ ሽማግሌው ሰውዬ በሚል የብዕር ስም እየተደበቀ፣ በሞገዱ ላይ ሥርዓት የሚያጠፉትን አማተሮች የሚወርፉ ጽሑፎች ያወጣ ነበር። በእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ ዉፍ ሆንግ የተባለ፣ ጥፋተኞች የሚቀጡበት አስፈሪ መሣሪያ ይጠቀሳል። መሣሪያው ምን እንደ ሚመስል ማንም አያውቅም ነበር፤ በ1919 የተጣመመ የእንጨት ቅርጽ ለሊጉ ተላከና በጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ጸሐፊው ማን እንደ ሆነ በይፋ የታወቀው ማክሲም ከሞተ በኋላ ነው። በ1926 ደግሞ የፊልም አማተሮችን ሊግ አቋቁሟል። እንደ ልማዱ፣ ብቻቸውን የሚደክሙትን መሰብሰብ ነው።

የመዝገቡ ረድፍ ዛሬ ያለበትን መልክ የያዘው በእርሱ የሕይወት ዘመን ማብቂያና ከዚያ በኋላ ነው። የምልክትን ጥራት በሦስት አኀዝ የሚገልጸው ዘዴ፣ ይኸውም መነበቡን፣ ብርታቱንና የቃናውን ንጽሕና የሚለካው፣ በ1934 ወጣ። አገሮችን እንዴት መቁጠር እንደሚገባ በ1935 በመጽሔቱ የደነገገው በሊጉ ጽሕፈት ቤት ይሠራ የነበረው ክሊንተን ደሶቶ ነው። ሥፍራን በፊደልና በቁጥር መጻፍ የመጣው ግን እጅግ ዘግይቶ፣ በ1980 በእንግሊዝ አገር በሜይደንሄድ ከተማ ከተደረገ ስብሰባ ነው። ዓለም በሁለት ፊደላት 324 ታላላቅ መደቦች ትከፈላለች፤ እያንዳንዱ መደብ በሁለት አኀዝ 100 ካሬዎች ይሆናል፤ አንዱ ካሬ በኬንትሮስ 2 ዲግሪ፣ በኬክሮስ 1 ዲግሪ ነው። ዘጠነኛው የኬክሮስ መስመር አዲስ አበባን አቋርጦ ስለሚያልፍ የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር የክበብ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ የተተከለበት አምስት ኪሎ በኬጄ99 ሲመዘገብ፣ ቃሊቲ ያለ ሰው ኬጄ98 ብሎ ይጽፋል። ፕሮግራሙ ሁለቱን በካርታው ላይ በሁለት የተለያዩ ካሬዎች ያቀልማቸዋል።

የሰዓቱም ዓምድ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የራሱ ጣጣ አለው። መዝገብ ሁሉ በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት ይያዛል። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሆነው በመዝገቡ 6 ሰዓት ነው፤ በእጅ ሰዓታቸው የአውሮፓውያኑን አቆጣጠር ለሚይዙት ደግሞ 9 ነው። በወረቀት ዘመን ይህ የስሕተት ምንጭ ነበር፤ አሁን ፕሮግራሙ ከኮምፒዩተሩ ሰዓት ይወስደዋል። የ30 ደቂቃውን ወሰን ያስታወሰ ሰው ጥቅሙን ይረዳል፤ ሦስት ሰዓት የተሳሳተ መዝገብ ከማንም መዝገብ ጋር አይገጥምም።

መዝገቦቹ በ1996 በወጣ የጋራ የፋይል አጻጻፍ ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው እንዲዛወሩ ተደረገ። ቦብ ብሩኒንጋ የተባለው የአሜሪካ የባሕር ኃይል አካዳሚ መሐንዲስ ደግሞ ጣቢያዎች ሥፍራቸውን ራሳቸው እያሰራጩ በካርታ ላይ የሚታዩበትን ዘዴ አበጀ፤ መልእክቱም ከጣቢያ ወደ ጣቢያ በቅብብል ይሄዳል። በ1914 በፖስታ የተሰበሰበው ቅጽ በዚህ ዘዴ ራሱን በራሱ የሚሞላ ሆነ ማለት ይቻላል። በአሜሪካ በ1980ዎቹ መንግሥት አማተሮች መዝገብ እንዲይዙ ማስገደዱን ቢተውም፣ ልማዱ ግን አልቀረም።

ማክሲም ይህን ሁሉ አላየም። በ1936 ክረምት ከሚስቱ ጋር በባቡር ወደ ምዕራብ ሲጓዝ ታመመ። በኮሎራዶ ላ ሁንታ በምትባል ከተማ ከባቡሩ አውርደው ሆስፒታል አስገቡት፤ ፌብሩዋሪ 17 ቀን በዚያ ሞተ። 66 ዓመቱ ነበር። ሊጉን ከተመሠረተበት ቀን ጀምሮ እስከዚያች ቀን ድረስ በፕሬዚዳንትነት መርቷል። በሚቀጥለው ወር የኮኔቲከት ወንዝ ሞልቶ የሊጉን ጣቢያ አጥለቀለቀው።

የአንድ አማተር የጥሪ ምልክት ባለቤቱ ሲሞት ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። የማክሲም የመጨረሻ ምልክት ደብልዩ1ኤደብልዩ ግን ለሊጉ ተሰጠ። ሊጉም በኒዊንግተን አዲስ ጣቢያ ሠርቶ በልደቱ ቀን ሴፕቴምበር 2 ቀን 1938 በዚያው ምልክት መረቀው። ሊጉ መቶ ዓመት በሞላው በ2014 ምልክቱ ከሃምሳው ግዛቶች ሁሉ በየተራ ተጠራ። በዚያ ዓመት መዝገብ የያዙ አማተሮች ያንን ጥሪ በሰሙ ቁጥር በፕሮግራማቸው ላይ ጽፈውታል፤ ካርታቸውም ከሜይን እስከ ሐዋይ በየግዛቱ እየቀለመ ሄዷል።